የአለቃዎን የአመራር ስልት ለይቶ ተግባብቶ ለመሥራት

ከአለቃ ጋር ስንጋጭ ቶሎ የምናነሳው ጠባይ ነው፤ «ቁጡ ነው»፣ «ቆራጥነት የላትም» እንላለን። የሰው ጠባይ በእኛ እጅ አይደለም። አለቃችን በምን መንገድ እንደሚመራ ለይቶ ሐሳብን በዚያ መንገድ ማድረስ ግን የሚለመድ ነገር ነው። ጎንደር ውስጥ በሆቴልም፣ በጤና ጣቢያም፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ይሠራል።

1. ውሳኔ የት እንደሚያልቅ ይከታተሉ

ለተወሰኑ ሳምንታት ጠባይ መመዘኑን ይተዉና ሦስት ነገር ይዩ። ስብሰባ ላይ የተነሳ ጉዳይ እዚያው ይወሰናል ወይስ ተወስኖ ነው የሚመጣው? አለቃ ከተናገሩ በኋላ ሌላ ሰው ይናገራል? አለቃ ሲወጡ ሥራው ይቀጥላል?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒት እና ራልፍ ዋይት እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት፣ የ10 ዓመት ገደማ ልጆች በቡድን ሆነው ጭምብልና ሌላ የእጅ ሥራ ሲሠሩ በሦስት ዓይነት መሪዎች ሥር አዩዋቸው። አዛዡ መሪ ፊታቸው ሲቆም ልጆቹ ይሠራሉ፤ ሲወጣ ሥራው ይቀዘቅዛል። አሳታፊው ሲወጣ ይቀጥላል። ሁሉን ለልጆቹ በተወው መሪ ዘንድ ሥራው ከሁሉም አነሰ። ዛሬም ብዙው ሰው የሚጠቀምበት አዛዥ፣ አሳታፊ፣ ለቀቅ ያለ የሚለው አከፋፈል ከዚህ የመጣ ነው።

2. ለአዛዥ አለቃ አማራጭ ይዘው ይግቡ

የጥምቀት ሰሞን ነው እንበል። ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከመውረዳቸው በፊት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ሁሉን ራሳቸው የሚወስኑ ሥራ አስኪያጅ ጋ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ተይዞ ተገኘ። እንግዳ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ ችግር ተፈጥሯል፣ ምን ይሻላል?» ብላ ከገባች ቁጣ ይዛ ትወጣለች። እንዲህ ብትል ይሻላል፦

«ጋሼ፣ ለጥር 9 አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ተይዟል። አንደኛው ቀብድ ከፍለዋል። ያልከፈሉትን ሦስተኛ ፎቅ ላድርጋቸው ወይስ ሌላ ሆቴል ልፈልግላቸው? ከምሳ በፊት ቢወስኑልኝ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

ውሳኔው የእሳቸው ሆኖ ቀረ፤ መረጃው፣ አማራጩና ሰዓቱ ግን ከእሷ መጣ። እንዲህ ያለ አለቃ ጋር ተቃውሞ ካለዎት በሰው ፊት አያንሱ፤ ለብቻ፣ ባጭሩ ይናገሩ። መናገሩን ግን አይተዉ። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መቀመጥ እዚህ አደጋ አለው፤ የሚፈራ አለቃ ክፉ ዜና የሚሰማው ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው።

ትእዛዝ ሁሉ ንቀት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሕመምተኛ ደም እየፈሰሰው «ምን ይመስላችኋል?» የሚባልበት ጊዜ የለም።

3. አሳታፊ አለቃ ሲጠይቁ ይመልሱ

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳይናገር ወጣት አይቀድምም። አሳታፊ አለቃ ፊት ይህ ጨዋነት እንደ ስምምነት ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤው ላይም «ሁሉም ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። መናገር ከከበደዎ ሐሳብዎን ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ይላኩ። ስብሰባው ላይ ዝም ብሎ በረንዳ ላይ ማጉረምረም አለቃውንም ባልደረባንም ይጎዳል።

4. ለቀቅ ላደረጉ አለቃ ራስዎ ድንበር ያስምሩ

ሥራውን ሰጥተው ዞር የሚሉ ከሆነ ዕቅድዎን በአጭሩ ጽፈው ይላኩ፦ «ከሐሙስ ጀምሮ በዚህ መንገድ እቀጥላለሁ፤ የሚቀየር ካለ እስከ ረቡዕ ማታ ያሳውቁኝ።» መልስ ባይመጣም መልእክቱ ይቀመጥልዎታል።

5. ውጤት ቆጣሪ ከሆኑ መለኪያውን አስቀድመው ይጠይቁ

ሽልማትና ቅጣትን ከዕቅድ ጋር የሚያያይዝ አለቃ ጋር ግምገማ እስኪደርስ አይጠብቁ። በዓመቱ መጀመሪያ «የእኔ ሥራ በምን ይመዘናል?» ብለው ጠይቀው መልሱን ይጻፉት።

6. ስልቱ እንዲለወጥ ያግዙ

የአመራር ምሁራኑ ፖል ኸርሲ እና ኬን ብላንቻርድ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ሐሳብ ለሠራተኛ ተስፋ ይሰጣል፦ መሪ ስልቱን እንደ ተመሪው ችሎታና ፍላጎት ይቀያይራል። ለአዲስ ገቢ ያዝዛል፤ ለበቃው ይለቅቃል። ስለዚህ በየሰዓቱ የሚቆጣጠርዎት አለቃ ምናልባት ገና አላመነዎት ይሆናል። አንድ ትንሽ ሥራ ለይተው «ይህን እኔ ልጨርሰውና አርብ ላሳይዎት» ይበሉ፤ አርብ ያሳዩ። ከዚያ ሌላ ይጠይቁ። እኔ በአለቃ ላይ ከሚደረግ ክርክር ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

7. ስልትንና በደልን ይለዩ

ስድብ፣ ማዋረድ፣ ጾታዊ ትንኮሳ የአመራር ስልት አይደሉም፤ ተላመዱት ብሎ የሚመክርዎትን አይስሙ። ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና የነበረውን ሰው ይመዝግቡ፤ ለሰው ሀብት ክፍል ወይም ለሠራተኛ ማኅበር በጽሑፍ ያቅርቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የነካበት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ፣ አቤቱታዎን ለመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያስገቡ።