«ይቺንማ አውቃታለሁ»፦ የሮማዋን ማርያም ሥዕል ስናይ የምንሳሳተው

ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ ውስጥ አንዲት የእመቤታችን ሥዕል አለች። በላቲን «ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒ» ትባላለች፤ የሮማ ሕዝብ መድኃኒት ማለት ነው። ሐበሻ ሲያያት «ይቺንማ አውቃታለሁ» ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተንም ይኸው ነው።

አንደኛው ስህተት «ከእኛ የተወሰደች ናት» ማለት ነው። መንገዱ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ናቸው) አለቃ ፍራንሲስ ቦርጂያ ሥዕሏን ለማስገልበጥ ከጳጳሱ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ ቅጂዎቹ ከኢየሱሳውያን ጋር ወደ ሩቅ አገር ተጓዙ፤ እኛም ጋ ደረሱ። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን አባረሩ፣ ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ሠዓሊዎች የራሳቸው አደረጓት። ዛሬ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የምንላት እሷው ናት።

ይህን የሰማ ሰው ደግሞ ወዲያው ሁለተኛው ስህተት ውስጥ ይገባል፦ «እንግዲያው የማርያምን ሥዕል ያመጡልን ፈረንጆቹ ናቸዋ!» እኔን ይሄኛው ይበልጥ ያናድደኛል። ኢየሱሳውያን ከመምጣታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ እመቤታችንን ከነልጇ ይስል ነበር። ከሮም የመጣው አንድ ዓይነት አሣሣል ነው እንጂ ሥዕሉ ራሱ አይደለም።

ያንን አሣሣል የምንለየው በእጆቿ ነው። ሰው ፊቷን አይቶ ያልፋል፤ እጆቿን ሳያዩ ግን ስለዚች ሥዕል ብዙም ማውራት አይቻልም። ሁለቱ እጆቿ ልጇን አቅፈው ተደራርበዋል። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፤ በግራዋ መሐረብ ይዛለች። ታዲያ መሐረቡን የእንባ መጥረጊያ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። አይደለም። በጥንት ሮማና በቢዛንታይን ባለሥልጣናት በክብር ሥርዓት ላይ የሚይዙት ጨርቅ ነው። እዚህ ንግሥትነቷን ይናገራል። እስቲ ቤታችሁ ያለውን ምስለ ፍቁር ወልዳ አውርዳችሁ ጣቶቹንና መሐረቡን ፈልጉ።

ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የሚለው ትውፊት ነው፤ እንደ ታሪክ ማስረጃ አትጥቀሱት። ዕድሜዋ ራሱ ምሁራንን ያከራክራል።

ቀለሟንም ከድሮ ፎቶ አትገምቱ። በቫቲካን ሙዚየሞች ባለሙያዎች ጸድታ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ቦታዋ ስትመለስ በድሮ ፎቶዎች የሚታየው ጥቁረት ለቋት ነበር።

እዚያው ባዚሊካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 ጳጳስ ፍራንሲስ ተቀብረዋል። መቃብራቸውን ብቻ አይታችሁ እንዳትወጡ። ሥዕሏ አጠገቡ ባለው የጳውሎስ ጸሎት ቤት፣ ከመንበሩ በላይ ናት።