የፕሮስቴት ካንሰር ምርምርን በማንበብና በመጻፍ ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሕክምና ምርምር ውስጥ ከባዱ ስህተት የሚፈጸመው ብዙውን ጊዜ ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው። ሴሎቹ በወጉ ተራብተው፣ ደሙ በወጉ ተለክቶ፣ ስሌቱም ሳይዛነፍ ተሠርቶ ሳለ፣ ድምዳሜው ሲጻፍ ግኝቱ ወዳልተፈተነበት ቦታ ይሻገራል፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የታየው ለሰው፣ በደም ምርመራ የታየው ለዕድሜ፣ በሺህ ሰዎች መካከል የታየው ደግሞ ሐኪሙ ፊት ለተቀመጠው አንድ ታማሚ ይነገራል። የፕሮስቴት ካንሰር ይህ መሻገር ጎልቶ የሚታይበት በሽታ ነው። በሆርሞን የሚነዳ፣ በአብዛኛው በዝግታ የሚያድግ፣ በቀላል የደም ምርመራም የሚከታተሉት በመሆኑ ስለ እሱ ብዙ ነገር ይለካል፤ ብዙ በተለካ ቁጥር ደግሞ የተለካውን ሊታወቅ ከተፈለገው ጋር የማምታታት ዕድሉ ይሰፋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎችና ስለ ጤና ለሚጽፉ ጋዜጠኞች ታስበው የተመረጡ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድን ሴል ላይን የበሽታው ወኪል አድርጎ መውሰድ

ሴል ላይን ከአንድ ሰው ካንሰር ተወስዶ በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ የሚራባ የሴል ዘር ነው፤ በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው። ፒሲ-3 ወደ አጥንት፣ ዲዩ-145 ወደ አንጎል፣ ኤልኤንካፕ ደግሞ ወደ ሊምፍ ኖድ ከተሠራጨ ካንሰር የተገኙ ናቸው። ሦስቱም ከተሠራጨ በሽታ መምጣታቸው ብቻውን፣ ገና ከፕሮስቴት ስላልወጣ ካንሰር በእነሱ ተመርኩዞ መናገር ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። ከዚህ የሚብሰው ግን የአንድሮጅን ተቀባይ ጉዳይ ነው። በታማሚዎች ላይ የሚታየው በሽታ በአመዛኙ ቴስቶስቴሮንና መሰሎቹ ከዚህ ተቀባይ ጋር ሲጣበቁ በሚነሣ ምልክት የሚያድግ ሲሆን፣ ፒሲ-3 እና ዲዩ-145 ተቀባዩን ይህ ነው በሚባል መጠን አያመርቱም። ስለዚህ አንድ የዕፅዋት ውህድ ፒሲ-3ን ገደለ የሚል ጽሑፍ፣ ውጤቱ እውነት ቢሆን እንኳ፣ የሚነግረን ከአብዛኞቹ ታማሚዎች በሽታ ስለተለየ ነገር ነው።

ኤልኤንካፕ ተቀባዩ አለው፤ ነገር ግን በተቀባዩ ውስጥ ትሪዮኒን መሆን የነበረበት አንድ አሚኖ አሲድ ወደ አላኒን ተለውጧል። በዚህ ትንሽ ለውጥ ምክንያት፣ ተቀባዩን እንዲያግድ የተሠራው ፍሉታማይድ የተባለው መድኃኒት በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ተቀባዩን ጭራሽ ያነቃዋል። ይህን የማያውቅ ሰው የመድኃኒቱን ውጤት ገልብጦ ያነባል፤ የሚያውቅ ደግሞ ትልቅ ነገር ይማርበታል። ፍሉታማይድ እየወሰዱ በሽታው የተባባሰባቸው አንዳንድ ታማሚዎች መድኃኒቱን ሲያቋርጡ የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨውና በደም የሚለካው ፕሮቲን) መጠናቸው የሚወርድበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳው ይኸው የተለወጠ ተቀባይ ነውና። የሴል ላይን ጉድለት አስቀድሞ ከታወቀ ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ ጉዳት የሚያደርሰው ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

የሴሉን ማንነት አለማረጋገጥም የዚሁ ስህተት ወገን ነው። ቲኤስዩ-ፒአር1 የተባለው ሴል ላይን ለዓመታት የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተብሎ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ በ2001 የወጣ የዘረመል ምርመራ ቲ24 ከተባለው የሽንት ፊኛ ካንሰር ሴል የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በዚያ ሴል ላይ የተሠሩት ጽሑፎች ግን ከመደርደሪያ አልወረዱም፤ ዛሬም የሚጠቅሳቸው አይጠፋም። የመድኃኒቱ መጠንም ሌላው የሚዘነጋ ነገር ነው፤ በሳህን ላይ የሠራው መጠን በሰው ደም ውስጥ ፈጽሞ የማይደረስበት ከሆነ፣ ጽሑፉ ይህን በግልጽ ሊናገር ይገባል። አይጥን በተመለከተ ደግሞ፣ አይጥ በተፈጥሮው የፕሮስቴት ካንሰር እምብዛም የማይዘው እንስሳ በመሆኑ፣ በሽታውን ለማምጣት ምን ዓይነት ጂን እንደተጨመረበት ወይም እንደጠፋበት ሳይጠቅሱ ውጤቱን ብቻ መዘገብ አንባቢን ያሳስታል።

በደም ውስጥ የቀነሰው ሆርሞን ከካንሰሩም ጠፍቷል ብሎ መደምደም

ቻርልስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ በ1941 የዘር ፍሬን በማስወገድ ወይም ኢስትሮጅን በመስጠት የተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰርን ማዳከም እንደሚቻል አሳዩ፤ ሃጊንስም ለዚህ ሥራው በ1966 የኖቤል ሽልማትን ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተጋራ። በሽታው ግን በአብዛኛው ቆይቶ ይመለሳል። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስቴሮን እጅግ ዝቅ ብሎ ሳለ መመለሱ፣ ካንሰሩ ከሆርሞን ቁጥጥር ወጥቷል የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ እንዲሰፍን አድርጓል። መለኪያው ትክክል ነበር፤ ድምዳሜው ግን ካልተለካ ቦታ የተወሰደ ነበር። ወደ ካንሰሩ ውስጥ ገብተው የመረመሩ ሥራዎች ሌላ ነገር አገኙ። ካንሰሩ ከአድሬናል ዕጢ ከሚመጡ መነሻ ውህዶች አንድሮጅንን ራሱ ይሠራል፤ የተቀባዩን ጂን ቅጂ ያበዛል፤ ሆርሞን የሚጣበቅበት ክፍል የሌለውንና ያለ ሆርሞን የሚነቃውን ኤአር-ቪ7 የተባለ አጭር ተቀባይም ሊያመርት ይችላል። አንድሮጅን እንዳይሠራ የሚያግደው አቢራተሮን በ2011፣ ተቀባዩን የሚያግደው ኤንዛሉታማይድ ደግሞ በ2012 በአሜሪካ ለአገልግሎት የተፈቀዱት፣ ተሟጠጠ የተባለው መንገድ ክፍት መሆኑ ስለታወቀ ነው። ኬሞቴራፒ ወስደው በነበሩ ታማሚዎች ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ፣ የመኖር ዘመን ሚዲያን (ግማሾቹ ታማሚዎች ያለፉት ጊዜ) አቢራተሮን በወሰዱት ላይ 14.8 ወር ሲሆን ማስመሰያ መድኃኒት በወሰዱት ላይ 10.9 ወር ነበር።

ፒኤስኤን በሽታው ራሱ ነው ብሎ መያዝ

ፒኤስኤ ጤነኛው የፕሮስቴት ሴልም የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ፕሮስቴት በዕድሜ ሲያድግ ወይም ሲቆጣ ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ይላል፤ ካንሰር እያለም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የሰፋ ፕሮስቴትን ለማሳነስ የሚሰጠው ፊናስቴራይድ የካንሰሩን መከሰት ይቀንስ እንደሆነ ለመፈተሽ በተደረገው ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ ውስጥ፣ ማስመሰያ መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩት መካከል ፒኤስኤአቸው ከ4 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አልፎ የማያውቅ ወንዶች በሙከራው መጨረሻ የባዮፕሲ ምርመራ ሲደረግላቸው 15.2 በመቶ የሚሆኑት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ፊናስቴራይድ ራሱ ደግሞ የፒኤስኤን መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማን ይህን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይመዘግብ የፒኤስኤ መረጃ የሚሰበስብ ጥናት ገና ከመነሻው የተበላሸ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ፒኤስኤን ወይም የምስል ምርመራን ለዕድሜ መርዘም ምትክ አድርጎ ማቅረብ ነው። ሁለት ሙከራዎችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ሲፑሉሰል-ቲ የተባለው በሰውነት መከላከያ ላይ የተመሠረተ ሕክምና በ2010 ይፋ በሆነው ሙከራ ፒኤስኤን እምብዛም አልቀነሰም፤ በሽታው እስኪባባስ ያለውን ጊዜም አላራዘመም፤ ሆኖም የታማሚዎቹን የመኖር ዘመን ሚዲያን ከ21.7 ወደ 25.8 ወር ከፍ አድርጓል። በአንጻሩ ካቦዛንቲኒብ በአጥንት ምስል ላይ ዓይን የሚሞላ ለውጥ አሳይቶ፣ የካንሰሩን መባባስም አዘግይቶ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ ሙከራ ግን ዕድሜን በተጨባጭ ማራዘሙን ማሳየት አልቻለም። አንዱ ሕክምና መለኪያውን ሳይነካ ዕድሜ ጨመረ፤ ሌላው መለኪያውን አሳምሮ ዕድሜ አልጨመረም። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «መድኃኒቱ ሠርቷል» ከማለቱ በፊት በምን ላይ እንደሠራ ይጽፋል።

የአምስት ዓመት ቆይታን ከሞት መቀነስ ጋር ማምታታት

በ75 ዓመታቸው በዚህ በሽታ የሚሞቱ አንድ ሰው ይታሰቡ። በሽታው በ73 ዓመታቸው ሕመም ሲሰማቸው ቢታወቅ ከምርመራ በኋላ የኖሩት ሁለት ዓመት ነው፤ በ65 ዓመታቸው በደም ምርመራ ቢታወቅ አሥር ዓመት ኖሩ ይባላል። የሞቱበት ቀን ግን አልተለወጠም። ብዙ ሰው በቅድመ ምርመራ በታወቀ ቁጥር የአምስት ዓመት ቆይታ በመቶኛ ከፍ ይላል፤ በሕይወት ዘመናቸው ጉዳት የማያደርስ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ወደ ቁጥሩ ሲገቡ ደግሞ ይበልጥ ያሻቅባል፤ በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የተነሣም አንድም ሰው ሳይድን ቁጥሩ ሊያምር ይችላል። ሁለት አገሮችን ወይም ሁለት ዘመናትን በዚህ መቶኛ ማነጻጸር፣ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ የቅድመ ምርመራን ጥቅም አያስረዳም። የሚያስረዳው በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች መካከል የሞት መጠን ሲነጻጸር ነው።

ያም ሲሆን አንጻራዊውን ቁጥር ብቻ መጥቀስ አይበቃም። የአውሮፓው ትልቅ የቅድመ ምርመራ ሙከራ በ2009 ባወጣው ውጤት በፕሮስቴት ካንሰር መሞት በ20 በመቶ ቀንሷል ተባለ፤ በዚያው ጽሑፍ ላይ እንደተመለከተው ግን በዘጠኝ ዓመት ገደማ አንድ ሞት ለማስቀረት 1,410 ወንዶች መመርመር፣ 48 ተጨማሪ ሰዎችም መታከም ነበረባቸው። የክትትሉ ዘመን ሲረዝም ቁጥሩ እየተሻሻለ ሄዷል። ስለዚህ 20 በመቶን ብቻ የሚጽፍም፣ 1,410ን ብቻ የሚጽፍም፣ የክትትሉን ዘመን የሚዘልም እያንዳንዱ ግማሽ እውነት ያቀብላል። ፕሮቴክት የተባለው የእንግሊዝ ሙከራ ደግሞ ከፕሮስቴት ያልወጣ ካንሰር ያለባቸውን 1,643 ወንዶች በክትትል፣ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ሕክምና መካከል በዕጣ መድቦ፣ ከ15 ዓመት በኋላ በበሽታው የሞቱት በቅደም ተከተል 3.1፣ 2.2 እና 2.9 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቶ ሕክምና አያስፈልግም ማለት ሌላ መሻገር ነው፤ ምክንያቱም በክትትል ቡድኑ ውስጥ ካንሰሩ የተሠራጨባቸው ቁጥራቸው ከፍ ያለ ነበር፤ አብዛኞቹም ቆይተው ሕክምና ወስደዋል።

መጪውን የሚጠቁምን ምልክት ሕክምና ከሚያስመርጥ ምልክት አለመለየት

የካንሰሩ ሕብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚመዝነው የግሊሰን ነጥብ ከፍ ማለቱ በሽታው ሊከፋ እንደሚችል ይናገራል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ግን ብቻውን አይነግርም። የብራካ-2 ጂን ጉድለት በአንጻሩ ከባድ በሽታን ከመጠቆሙም በላይ እንደ ኦላፓሪብ ያሉ መድኃኒቶችን ለመምረጥ ያገለግላል። አንድ ምልክት ሕክምና ያስመርጣል ለማለት፣ ምልክቱ ባላቸውና በሌላቸው ሰዎች መካከል የሕክምናው ጥቅም መለያየቱ መፈተን አለበት፤ ምልክቱ ያላቸው ቶሎ መሞታቸው ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። በነገራችን ላይ ግሊሰን 3+4ን እና 4+3ን «ሰባት» ብሎ በአንድ ዓምድ ማስፈር ዛሬም በተማሪዎች መረጃ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ የመጀመሪያው አሐዝ በብዛት የታየውን ዓይነት ስለሚያመለክት ግን 4+3 ከ3+4 የከፋ ነው። መረጃው ሁሉ ከታየ በኋላ ፒ ቫልዩን (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድልን) ዝቅ የሚያደርገውን የመለያ ነጥብ መርጦ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ብሎ መክፈልም ሐሰተኛ ምልክት ያስገኛል።

በአጋጣሚ ከታየ ግንኙነት ወደ ምክንያት መዝለል

የቫይታሚን ኢ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። በፊንላንድ አጫሾች ላይ የተደረገ ሙከራ ዋና ጥያቄው የሳንባ ካንሰር ነበር፤ ነገር ግን በ1998 ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ32 በመቶ አንሶ መገኘቱ ተዘገበ። ሴሌኒየምም እንዲሁ የቆዳ ካንሰርን ለማጥናት በተነደፈ ሌላ ሙከራ ውስጥ ተስፋ ሰጭ ሆኖ ታየ። ማብራሪያም ወዲያው ተገኘ፤ ሁለቱም ሴልን ከኦክሲጅን ጉዳት ይከላከላሉ ተባለ። እዚህ ላይ የተመራማሪዎቹ ጠባይ የሚያስመሰግን ነበር፤ በጎንዮሽ የተገኘውን ውጤት እንደ መደምደሚያ ሳይቀበሉ ጥያቄውን ዋና አድርገው ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበትን ሴሌክት የተባለውን ሙከራ በ2001 ጀመሩ። እንክብሎቹ ጥቅም እንደሌላቸው ሲታይ በ2008 መስጠቱ ቆመ፤ በ2011 የወጣው ተጨማሪ ክትትል ደግሞ ቫይታሚን ኢ ብቻውን በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ አገኘ። የሚያሳምን የአሠራር ማብራሪያ መኖሩ ግኝቱን ከስህተት አላዳነውም፤ ማብራሪያ ለማንኛውም ውጤት አይጠፋምና።

የታማሚ መዝገብ ብቻ አይተው የሚሠሩ ጥናቶች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ከምርመራ በኋላ ባለ ማንኛውም ጊዜ አንድ መድኃኒት የወሰደን ሰው «ተጠቃሚ» ብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቁጠር፣ መድኃኒቱን እስኪጀምር በሕይወት መቆየቱን ለመድኃኒቱ ጥቅም አድርጎ ማስላት ነው።

ውጤቱ ካልተሳካ በኋላ ንዑስ ቡድን መፈለግንም ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) በ1988 የታተመው ሁለተኛው አይሲስ ሙከራ አስፕሪን ሕይወት እንደሚያተርፍ ካሳየ በኋላ፣ አዘጋጆቹ ታማሚዎቹን በኮከባቸው ከፋፍለው አስፕሪን በሁለት ኮከቦች ሥር ለተወለዱት እንደማይጠቅም የሚመስል ውጤት ሆን ብለው አሳትመዋል። ንዑስ ቡድን የሚያቀርብ ሁሉ ክፍፍሉ አስቀድሞ በሙከራው ዕቅድ ውስጥ የሰፈረ መሆን አለመሆኑን መጻፍ ይኖርበታል።

ማን እንደተጠና ሳይገልጹ «ታማሚዎች» ብሎ መጻፍ

በ2005 የተገኘው የቲኤምፒአርኤስኤስ2 እና የኢአርጂ ጂኖች መጋጠም «በፕሮስቴት ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል» ተብሎ በብዛት ይጠቀሳል። ይህ አሐዝ በዋናነት ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች የተወሰደ ሲሆን፣ የአፍሪካና የእስያ የዘር ሐረግ ባላቸው ላይ መጠኑ ዝቅ ይላል። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የሚያዙበትም የሚሞቱበትም መጠን ከነጮቹ በእጅጉ የላቀ ሲሆን፣ በትልልቆቹ የመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ ያላቸው ድርሻ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ጽሑፍ የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ላይ የተሳታፊዎቹ ዕድሜ፣ የዘር ሐረግ፣ የበሽታው ደረጃ፣ ቀደም ብሎ የወሰዱት ሕክምናና ከሙከራው የተገለሉበት ምክንያት መስፈር አለባቸው፤ በማጠቃለያው ላይም «ታማሚዎች» የሚለው ቃል በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ሰዎች ብቻ እንዲወክል ተደርጎ ይጻፍ።