ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስትገዛ ሻጩ ማጠብ የረሳውን እይ

የመጀመሪያ ሞተሬን የገዛሁት ቡራዩ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ ታጥባ ተወልውላ ቆማ ጠበቀችኝ። ሻጩ በአንድ ምት አስነሳት፣ እኔም ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁ። በማግስቱ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ እግሬ እስኪዝል ብረግጣት ወይ ፍንክች! ለካ ሰውዬው እኔ ከመድረሴ በፊት አሙቆ ነው የጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጎረቤትም ጥቂት ሞተር አይቼ አጋዝቻለሁ። ስለ 100፣ 125 እና 150 ሲሲዎቹ የማውቀውን ልንገርህ።

ከኢንጂኑ በፊት ወረቀት። ሊብሬውን ተቀበልና የሻንሲ ቁጥሩን ራስህ አንብብ፣ ሻጩ እንዲያነብልህ አትጠብቅ። ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ የሚመታው መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ነው። ጭቃ ከሸፈነው በጨርቅ ጥረገው። የኢንጂኑ ቁጥር ደግሞ ከታች የኢንጂኑ አካል ላይ አለ። አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ቁጥሩ አካባቢ ብረቱ የተፋቀ ወይም ለብቻው ቀለም የተቀባ ከሆነ «ዝገት ነው» ቢሉህም አትከራከር፣ ዞር ብለህ ሂድ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ከሆነ (ሁሌም «የወንድሜ ናት፣ እሱ ውጭ ነው» ይሉሃል) ውክልናውን ጠይቅ። መሸጥ እንደሚፈቅድ ቃሉን አንብብ፣ እንዳልተሻረም ውልና ማስረጃ አጣራ። የሞተሯ ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህም የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለባት ጠይቅ። አንድ ቀን ይፈጅብሃል፣ ይፍጅብህ።

ሰሌዳውም ነገር አለው። ሰበታ ወይም ሱሉልታ ኦሮ ሰሌዳ ያላት ሞተር ገዝተህ ሥራህ መሀል ከተማ ከሆነ ልትቸገር ትችላለህ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለውን ሞተር ከልክላ እንደነበር አትርሳ። ስለዚህ አንተ በምትነዳበት መንገድ አሁን ምን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ብር ከማውጣትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። ደላላ አትጠይቅ። ደላላ ዘንድ የማይቻል ነገር የለም።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ጠዋት በማለዳ ሂድ፣ ቢቻል ከቀጠሮህ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ። ሰላምታ እንደተለዋወጥክ እጅህን ወደ ኢንጂኑ አስጠጋ፣ አትንካው፣ አስጠጋ ብቻ። አንዴ ለገጣፎ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ ዛሬ ተነስታለች እንዴ?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልነካኋትም።» ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ግን ጣቴን ሊልጠው ምንም አልቀረው። ቡና ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

ቀዝቃዛ ከሆነች በቁልፍ ሳይሆን በእግር አስነሳ። ስትረግጥ የሚገፋህ ጉልበት ሊሰማህ ይገባል። እንደ ላላ በር ዝም ብሎ ከወረደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቋል፣ ይህ ደግሞ ኢንጂን ማስወረድ ነው። ከተነሳች በኋላ ከኋላ ቁምና ጭሱን እይ። በብርድ ጠዋት ትንሽ ነጭ ተን ወጥቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ሰማያዊ ሆኖ የዘይት ሽታ ካለውና ከሞቀችም በኋላ ካላቆመ ዘይት እየበላች ነው። የድሮዎቹ እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉት ባለ ሁለት ምት ኢንጂኖች ግን ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ጭሳቸው ተፈጥሯቸው ነው።

ጥቁር ጭስ ካየህ ሞተሯ የት ስትሠራ እንደነበር ጠይቅ። እኛ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። መተሐራ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቦሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ ለስሱ አየር የሚበዛ ቤንዚን ይለቃል፣ ካንዴላው (እሳት የሚረጨው) ይጠቁራል፣ ጉልበቷም ይወርዳል። ይህ የሚስተካከል ነው፣ እንዲያውም ለመደራደር ይመችሃል።

አሁን አጥፋትና ጎንበስ በል። የፊት ፍሬን ይዘህ መሪውን ወደ ታች ደጋግመህ ተጫን፣ አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው የፊት ዘንግ) ላይ ዘይት ከረጠበ ጎሚኒው፣ ማለትም ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ፣ ሄዷል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪውን በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። መሀል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝህ ነገር ካለ መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። አንገቱ አጠገብ ያለውን ቱቦ በእጅህ ዳብስ፣ የተጨማደደ ቀለም ወይም የብየዳ እብጠት ካገኘህ ተጋጭታለች ማለት ነው፣ ርካሽ ብትሆንም አልገዛትም። ሰንሰለቱን ከኋላ ጥርሱ ላይ ይዘህ ሳበው፣ ከጥርሱ ብዙ ከተላቀቀ ወይም ጥርሱ እንደ መንጠቆ ከሾለ ሰንሰለቱም ጥርሱም አብረው ይቀየራሉ።

ኪሎ ሜትሩን ብዙም አትመን። የቆጣሪውን ገመድ መንቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የእግር ማሳረፊያውን ላስቲክ እይ። 12,000 ኪሎ ሜትር እያለች ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ከታየ ሌላ ታሪክ አላት። ሻጮች ማርሚታውን ይወለውላሉ፣ ላስቲክ የሚቀይር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ ንዳት፣ መታወቂያህን ወይም አብሮህ የመጣውን ጓደኛ አስይዘህ። ዳገት ፈልግ፣ እኛ ጋ ዳገት አይጠፋም። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ እየሄድክ ነዳጅ ድንገት ስጥ። ድምፁ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እየተንሸራተተ ነው። ማርሽ ራሱ እየወጣ ዜሮ ከገባ ግን ችግሩ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ነው፣ ተዋት።

ከዚያ ዋጋ። ሰንሰለት፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ካንዴላ የሚቀነስልህ ነገር ነው። የየአንዳንዱን ዋጋ ቀድመህ ከመለዋወጫ ሱቅ ጠይቀህ ሂድ። ቀብድ ከሰጠህ ትንሽ አድርገው፣ በጽሑፍና በምስክር ይሁን፣ ዋናውን ብር ውሉ ከተፈረመ በኋላ በባንክ አስተላልፍ። ስም ሳታዞር አትንዳ። ሁለተኛውን ቁልፍም ጠይቅ፣ እኔ ረስቼ አንዱ ሲጠፋብኝ የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ሳይቀር ማስቀየር ነበረብኝ።