ባለ መነጽሩ ጠመንጃ ለምን ይስታል?

የምሠራው ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር ነው። ቢሯችን ስታዲየም አካባቢ ፎቅ ላይ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት እስከ ጠረጴዛችን ይመጣል። እዚህ መተኮስ አይታሰብም። ግን አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው ገና ሳይተኮስ ነውና ብዙውን እዚሁ ማየት ይቻላል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው በየተራ ካረጋገጠ በኋላ ማለቴ ነው።

እንግዶች ሲስቱ መጀመሪያ የሚሉት «ጠመንጃው ተበላሽቷል» ነው። ለዓመታት አብረውን የሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። እሳቸው ደግሞ «እስቲ ብሎኑን እዩት» ይላሉ። ስንት ጊዜ ልክ እንደሆኑ ቆጥሬ አልጨርስም።

ጥይቶቹ አንድ ቦታ ያርፋሉ፣ መሃሉን ግን አያገኙም

ይሄ ደስ የሚል ችግር ነው። ጠመንጃውም ተኳሹም ደህና ናቸው ማለት ነው። የዞረው ጠመንጃው ላይ የታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ሲጫንና ሲወርድ እንዴት እንደሚወረወር ቦሌ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

መፍትሄው ማሰሪያውን አጥብቆ፣ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ 100 ሜትር ላይ እንደገና ዜሮ ማድረግ፣ ማለትም ጥይቱ መነጽሩ ያነጣጠረበት ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ማስተካከል ነው። ብዙዎቹ መነጽሮች ማስተካከያ ጉልላታቸው ሲዞር በአንድ ጠቅታ የጥይቱን ማረፊያ 1 ሳንቲ ሜትር ወይም 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳሉ፤ የእናንተው የትኛው እንደሆነ ጉልላቱ ላይ ተጽፏል። በየጥይቱ አታስተካክሉ። አምስት ተኩሱና የአምስቱን መሃል ያዙ። በሦስት ጥይት ራሱን ያታለለ ስንቱ ነው!

ጥይቶቹ በየአቅጣጫው ይበተናሉ

ወደ ጋሼ ብሎን እንመለስ። መነጽሩን የያዙት ቀለበቶች፣ ከቀለበቶቹ በታች ያለው መቀመጫ፣ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ያሰሩት ብሎኖች፤ ሦስቱንም ፈትሹ። በጉልበት ማጥበቅም ችግር ነው፣ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል። አምራቹ የጻፈውን ልክ በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ ስጡት። ከዚያ ብሎኑና መቀመጫው ላይ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። እኛ ከፒያሳ የገዛነው አንድ ቀይ ብልቃጥ አለ፣ ለዚሁ ብቻ።

ብሎኑ ደህና ከሆነ አንድ ወረቀት አጥፋችሁ በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል አሳልፉት። አፈሙዙ እንጨቱን እንዳይነካ ተደርጎ በተሠራ ጠመንጃ ላይ ወረቀቱ ቢያዝ፣ እንጨቱ እየገፋው ነው። ክረምት ላይ እርጥበት እንጨት ያሳብጣል፤ በጥቅምት ልክ የነበረው በነሐሴ ሊዛባ ይችላል።

ቀጥሎ የአፈሙዙ ጫፍ ነው። እዚያ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት አረሩ ሲወጣ ጋዙን ወደ አንድ ጎን ያደላዋል። ከፊት በኩል ዘንግ እየከተቱ የሚያጸዱ ሰዎች ሳያውቁ የሚያበላሹት ይህንን ነው። ከኋላ አጽዱ። የተለያየ ጊዜ ምርት የሆኑ ጥይቶችንም አትቀላቅሉ።

ቀዳዳዎቹ ሽቅብ ቁልቁል ይደረደራሉ

አንድም አተነፋፈስ ነው፣ አንድም የጥይቱ ፍጥነት እኩል አለመሆን። መጀመሪያው ልክ ሆኖ ቀጣዮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ አፈሙዙ ግሏል፤ አቀዝቅዙት። ምላጭ ሲስቡ መደንገጥስ? ሌላ ሰው በጥይቶቹ መካከል ባዶ የመለማመጃ ጥይት ሳይነግራችሁ ይክተትላችሁ። አፈሙዙ ዝቅ ካለ ጉዱ ይታያል።

በ100 ሜትር ልክ፣ በ500 ከፍ ይላል

አገራችን ሰውን የምታሳስተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቀጭን አየር አረሩን ብዙ አይጎትተውም፤ ስለዚህ ቶሎ አይወርድም። ባሕር ዳርቻ ዜሮ የተደረገ የተለመደ .308 (የጥይት መጠን ነው) ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ 500 ላይ ግን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ዜሮ ተደርጎ አዋሽ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከስታዲየም እንጦጦ ጫፍ እንኳ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው።

መፍትሄው ጥይቱ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚያሰላ የስልክ ማስያ ነው፤ ግን ወጥመድ አለው። የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ለአዲስ አበባ ከ1,000 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ ግፊት ያሳያል። ያ ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ የተሰላ ነው። እዚህ ያለው እውነተኛው 770 አካባቢ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት የስልኩን ቁጥር እንዳለ አስገብቼ፣ ለእንግዳችን «አልሚ እንግዲህ» ብዬ፣ ዒላማ ካደረግነው ድንጋይ በላይ አፈር ሲቦን አየን። ጋሼ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ማስያው የሚፈልገው የቦታውን ግፊት ነው። ወይ በእጅ መለኪያ ለኩ፣ ወይ ከፍታውን ብቻ ስጡትና ራሱ ያስላ።

ወደ ጎን ይሄዳል

ነፋስ። በሰከንድ 4 ሜትር ተኩል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያንኑ የ.308 ጥይት 500 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይወስደዋል። እግራችሁ ሥር ያለውን ብቻ አትመኑ፤ መሃል ሜዳ ያለውን ሣር እዩ። ጠመንጃውን ማዘንበልም ወደ ጎን ይወስዳል፤ መነጽሩ ላይ ትንሽ የውኃ ልክ አስሩ።

ተራራ ላይ ከፍ ይላል

ሽቅብም ቁልቁልም ብትተኩሱ ያው ነው። የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነው። በ30 ዲግሪ ዳገት 500 ሜትር ማለት ወደ 433 ሜትር ነው።

የምድር መዞር ጥይቱን ይገፋው እንደሆነ የሚጠይቁኝ እንግዶችም አሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ዋልታ ላይ ካለው አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ለ500 ሜትር እርሱት።