የከርነል ስህተት ቁጥር ስናሳድድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዲስክ ማውንት እናደርጋለን (ከሲስተሙ ጋር እናያይዛለን)፤ «ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» ይለናል፤ በቃ። በሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ቋንቋ ይህ -22 ነው። ብዙዎቻችን ወዲያው ሶርስ ኮዱን ከፍተን -22 የሚመልሰውን መስመር ፍለጋ እንገባለን። አትግቡ። እንዲህ ያለ መስመር ከርነሉ ውስጥ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ፕሮግራም ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረውን የሚያሳየው ኤስትሬስም እዚህ ላይ አያድንም። እሱ የሚያየው ከሲስተም ኮሉ (ፕሮግራሙ ለከርነሉ ከሚያቀርበው ጥያቄ) ደጃፍ የወጣውን የመጨረሻ መልስ ነው፤ ጓዳውን አያውቅም።

ሌላው፣ ፕሪንትኬን (ከርነሉ መልእክት የሚያትምበትን ፈንክሽን) በየመስመሩ መሰግሰግ ነው። ኮምፓይል፣ ቡት፣ እንደገና ኮምፓይል። ይባስ ብሎ ችግሩ የፍጥነት እሽቅድምድም (ሁለት ሥራዎች ማን ይቅደም ሲባል የሚፈጠር) ከሆነ፣ ህትመቱ ራሱ ሰዓቱን ያዛባውና ስህተቱ ድራሹ ይጠፋል። ይልቅ የከርነሉ የራሱ መከታተያ ኤፍትሬስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከርነል 6.5 ጀምሮ የፈንክሽን ግራፍ ትሬሰሩ እያንዳንዱ ፈንክሽን ሲዘጋ የመለሰውን ዋጋ አጠገቡ መጻፍ ይችላል። ከርነሉ ሲገነባም ትሬሰሩ ሲነሳም ግን አማራጩ መከፈት አለበት። ደግሞ በአንድ ፕሮሰስ ወይም በአንድ ፈንክሽን ሳትወስኑት አታስጀምሩት፣ ጎርፍ ነው።

ትሬሱ (የተጠሩት ፈንክሽኖች መዝገብ) ከተገኘ በኋላ ትልቁ ስህተት ከታች ማንበብ ነው። ውስጠኛው ፈንክሽን ቀድሞ ስለሚዘጋ፣ ከላይ ስትወርዱ መጀመሪያ የምታገኙት -22 ለምንጩ የቀረበው ነው። የዲስኩ ፋይል ሲስተም ኤክስት4 ከሆነ ለምሳሌ፣ -22 መጀመሪያ «ኤክስት4 ፊል ሱፐር» ላይ ሊታይ ይችላል፣ ቀጥሎ «ቪኤፍኤስ ጌት ትሪ»፣ ከዚያ «ዱ ኒው ማውንት»። የኋለኞቹ ተቀባባይ ናቸው፤ እነሱን መመርመር ፖስተኛውን መክሰስ ነው። ኮምፓይለሩ ኢንላይን ያደረገው (በጠሪው ውስጥ የቀበረው) ፈንክሽን ግን ትሬሱ ላይ ስሙ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈንክሽን ስታነቡ፣ በውስጡ የተዋጡትንም አብራችሁ አንብቡ።

ቁጥሩ መንገድ ላይ ሊቀየርም ይችላል። ታችኛው ክፍል -517 ይላል፤ «የምፈልገው ዕቃ ገና አልደረሰም፣ ቆይታችሁ ሞክሩኝ» ማለቱ ነው። ድራይቨሩ ግን ይህን ጥሎ -19፣ «ዕቃው የለም» ብሎ ይመልሳል። እናንተ -19ን ብቻ ካሳደዳችሁ ዋናው ነገር አለፋችሁ። ትሬሱ ላይ ከ-19 መስመር በላይ ያለውን ማንኛውንም ኔጌቲቭ ቁጥር ተጠራጠሩ።

ያም ሆኖ የታየው ቁጥር ሁሉ ስህተት አይደለም። ትሬሰሩ የፈንክሽኑን ታይፕ አያውቅም። ምንም የማይመልስ ቮይድ ፈንክሽን እንኳ ሬጅስተሩ (የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ የተረፈው ነገር ይታተምለታል። ከፕሮግራሙ ሜሞሪ ወደ ከርነሉ የሚቀዳው «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» 8 ቢመልስ ደግሞ 8 ባይት ሳይቀዳ ቀረ ማለት ነው እንጂ የስህተት ኮድ 8 አይደለም።

ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚመልሱትን ፈንክሽኖች ኑል (ባዶ አድራሻ) ነው ወይ ብሎ ብቻ መፈተሽም ያስቀጣል። ከርነሉ የመጨረሻዎቹን 4095 አድራሻዎች ለስህተት ኮድ ስለሚጠቀምባቸው፣ -12 («ሜሞሪ የለም») ራሱ ፖይንተር መስሎ ይመጣል። ኑል ስላልሆነ ያልፋል፤ ክራሹ የሚመጣው ራቅ ብሎ፣ ምንም ያላጠፋ ኮድ ላይ ነው።

የመጨረሻው እኔንም ግማሽ ቀን አንከራቶኛል። ትሬሱ ውስጥ -22 አለ፣ አንድ ደረጃ ወጣ ሲሉ ግን 0። ትሬሰሩ የተበላሸ መሰለኝ። ለካ መልሱን የተቀበለው ቫሪያብል አንሳይንድ (ኔጌቲቭ ቁጥር የማይዝ) ነበር። -22 እዚያ ሲገባ 4294967274 ይሆናል፤ «ከዜሮ ያንሳል ወይ?» የሚለው ፍተሻ መቼም እውነት አይሆንም። ውስጥ -22፣ ውጭ 0 ካያችሁ፣ መካከል ላይ ያለውን ፈንክሽን ክፈቱና የቫሪያብሉን ታይፕ እዩ።