በትንሽ የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ኮራል የሚበሉ ተባዮችን በተፈጥሯዊ መንገድ መቆጣጠር

ኮራል የሚበላ ተባይ ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዓሣ ይበላዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም 60 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ መልሱ እምብዛም አያረካም፤ ምክንያቱም በሰፊ ውኃ ውስጥ ተባይ የሚለቅመው ዓሣ እዚህ ቦታ ይጠበዋል፣ ጠባዩም ይከፋል። በትንሽ አኳሪየም ውስጥ ዋናው አዳኝ ባለቤቱ ራሱ ነው። መሣሪያዎቹም ወረንጦ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀጭን ቱቦና አጉሊ መነጽር ናቸው።

አስቀድሞ ጥፋቱ በእርግጥ የተባይ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጨዋማነቱ ከሺህ 35 አካባቢ፣ ሙቀቱም 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ሳለ ኮራሉ የሚነጣ ከሆነ፣ መብራት ከጠፋ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ ብርሃን ይፈትሹ። ሞንቲፖራ የተባለው የኮራል ዓይነት ከጠርዙ ወይም ከሥሩ ጀምሮ ሲነጣ፣ ገልበጥ ቢያደርጉት የሩዝ ስባሪ የሚያህል፣ ጀርባው ላይ ጣት መሳይ ነገሮች የበቀሉበት ነጭ ኑዲብራንክ፣ ማለትም ዛጎል የለሽ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሊያገኙ ይችላሉ። አክሮፖራ በተባለው ቅርንጫፋማ ኮራል ላይ የሚታየው ምልክት ደግሞ ክብ ክብ የደበዘዙ ነጠብጣቦች ናቸው። እነዚህን የሚተወው ጠፍጣፋ ትል የኮራሉን ቀለም ስለሚመስል ራሱን ማየት ያዳግታል። እንቁላሎቹ ግን ሥጋው በለቀቀው የኮራል አጥንት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግንዱ ሥር፣ ቀይ ጤፍ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተለጠፈ መስለው ይታያሉ።

ዞአንቲድ የተባለው፣ ፖሊፕ የሚባሉ ብዙ ትንንሽ አበባ መሳይ አካላት ያሉት የኮራል ዘመድ ሲዘጋ ምክንያቱን መለየት ከዚህም ያስቸግራል። የሚበላው ኑዲብራንክ የፖሊፖቹን ቀለም ይዞ በመካከላቸው ስለሚደበቅ፣ ሰው ደጋግሞ እያየው ያልፈዋል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ዞአንቲድ ለሁለት ሳምንት ሳይከፈት ሲቀር እኔ መብራቱን ከፍና ዝቅ ሳደርግ ቆየሁ። አንድ ሌሊት በአጉሊ መነጽር ስመለከት ግን በፖሊፖቹ ግንድ መካከል ጠፍጣፋ ክብ ዛጎል ያላቸው፣ በጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎሩ አራት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ተወሽቀው አገኘሁ። ሳልመረምር ያስገባሁት እኔው ነበርኩ።

ማስወገዱ የሚጀምረው ኮራሉን ከአኳሪየሙ በማውጣት ነው። ዞአንቲድ የሚነኩ ከሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላላቸው፣ የተጣበቁበትን ድንጋይ በፈላ ውኃ ማጠብ ወይም መቀቀል እንፋሎቱን ለሚተነፍስ ሰው እጅግ አደገኛ ነው። ከአኳሪየሙ የቀዳችሁትን ውኃ በባልዲ ይዛችሁ ኮራሉን በውስጡ እያንቀሳቀሳችሁ፣ በወጥ ቤት መምጠጫ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከየአቅጣጫው ውኃ እፍ በሉበት። የሚራገፈው ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ የቀረውን በወረንጦ ይልቀሙ። በሞተው አጥንት ላይ ያሉትን እንቁላሎች በብሩሽ ወይም በስለት ይፋቁ፤ ኮራሉ የተጣበቀበት መቆሚያም ብዙ ጊዜ የእንቁላል መደበቂያ ስለሚሆን ቢቆረጥና ኮራሉ በአዲስ መቆሚያ ላይ በሱፐር ግሉ ቢለጠፍ ይመረጣል። ያ ባልዲ ውኃ ተመልሶ ወደ አኳሪየሙ አይገባም።

ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ አጥበው ያቆማሉ። እጥበት ትልቁን ተባይ ያስወግዳል እንጂ እንቁላሉን አይነካውም፤ ለገበያ የሚቀርቡ የኮራል ማጠቢያዎችም ቢሆኑ እንቁላል አይገድሉም። ስለዚህ የተፈለፈለው አድጎ እንደገና እንቁላል ከመጣሉ በፊት ለመድረስ በየአምስት እስከ ሰባት ቀኑ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ከግማሽ ያህል መደጋገም ያስፈልጋል። ተባዩ አንድ ዓይነት ኮራል ብቻ የሚበላ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ። ሞንቲፖራዎቹን ሁሉ አውጥቶ በለይቶ ማቆያ እያጠቡ ማቆየት በአኳሪየሙ የቀረውን ተባይ በረሃብ ይጨርሰዋል። በዚህ ጊዜ በድንጋይ ሥር የተረሳች የጥፍር ታህል ስባሪ እንኳ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ልታደርግ ትችላለች።

ወደ አዳኞቹ ስንመለስ፣ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ የሚገኘው ባለ ስድስት መስመር ሬስ የተባለ ዓሣ ጠፍጣፋ ትሎችንና ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችን በትጋት ይለቅማል። ይሁን እንጂ ከእሱ በኋላ የሚገባን ዓሣ ሁሉ ያሳድዳል፤ ከ100 ሊትር በታች ላለው አኳሪየም አልመክረውም፤ ሰፋ ባለውም ቢሆን ስለሚዘል ክዳን ያስፈልገዋል። ድንጋይ ሥር የገባ ትል ደግሞ አፉ አይደርስበትም።

ኮራል የሚናደፈውን አይፕታሲያ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ ለማጥፋት ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይገዛል። በዚህ ስም ግን ጀርባው ላይ ሻኛ ያለው፣ በቀይ መደቡ ላይ ነጭ መስመሮችና ነጠብጣቦች ያሉት ሌላ ሽሪምፕ ይሸጣል፤ እሱ ደግሞ ራሱ ፖሊፕ ይበላል። ትክክለኛው ሻኛ የለውም፣ ሰውነቱም ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ቀይ መስመሮች አሉት። ኑዲብራንክ ሁሉም ጠላት እንዳልሆነ ለማየት በርጊያ የተባለው ይበቃል፤ የሚበላው አይፕታሲያን ብቻ ነው፤ አይፕታሲያው ሲያልቅም ይራባል። የባሕር ኮከብ ብቻ የሚበላው ሃርለኪን ሽሪምፕም እንዲሁ ነው። አስቴሪና የተባሉት ትንንሽ ኮከቦች አብዛኛዎቹ አልጌ የሚልሱ በመሆናቸው፣ ፖሊፕ ላይ ተቀምጠው ካልተያዙ በቀር በወረንጦ መልቀሙ ይበቃል።

ሌሊት ለሚወጣ ጸጉራም ሸርጣን ብርጭቆ ውስጥ የሽሪምፕ ቁራጭ አድርጎ በድንጋዩ ላይ አዘንብሎ ማስደገፍ ነው፤ ይገባል፣ ለስላሳውን ብርጭቆ ግን መውጣት ይሳነዋል።

አዲስ ኮራል ሁሉ ማጣሪያና ማሞቂያ ባለው 20 ሊትር ዕቃ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። የዕቃው ወለል ባዶና ነጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ከኮራሉ የሚራገፈው ትልና የሚወድቀው እንቁላል ጠዋት ሲፈተሽ በነጩ ላይ ወዲያው ይታያልና።