አሮጌ ሞተር ሳይክል ሚስ ስታደርግ የምንሠራቸው ስህተቶች

አምና ክረምት ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ሞተር ሳይክሌ መንተፋተፍ፣ መካኒኮች እንደሚሉት ሚስ ማድረግ፣ ጀመረች። ሁለት ጊዜ አሳላትና ቀጥ አለች። አምስት ደቂቃ ቆይቼ ብረግጣት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደች፣ ደግማ ጠፋች። እንዲህ እያደረገች አመሸችብኝ።

በማግስቱ ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ቀየርኩ። ያው ነው። ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ቦቢና ገዛሁ። ያው ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሯን አስፈትቼ አሳጠብኩ። አሁንም ያው! በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እጃቸውን እንኳ ሳያሳርፉባት ጠየቁኝ።

«መቼ ነው የምትጠፋው?»

«ዝም ብላ ነው ጋሼ።»

«ዝም ብሎ የሚጠፋ ሞተር አይቼ አላውቅም። ስትነሳ ነው? ከሞቀች በኋላ ነው? ቤንዚን ስትሰጣት ነው ስትለቅላት?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ገንዘብ ሳወጣ ይህን አንድ ጥያቄ ራሴን አልጠየቅኩም። የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር።

«መቼ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይነግራችኋል። ስትነሳ ብቻ ከተንተፋተፈች፣ ስትሞቅ ብቻ ከሆነ፣ ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ፣ መንስኤያቸው የተለያየ ነው። ቤንዚን መስጫው እጀታ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉና ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሙሉውን ምልክት አድርጉ። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ) ወይም ገና ትንሽ ሲሰጣት ብቻ የምታስቸግር ከሆነ የካርቡሬተሩን ትንሿን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ቡሎን፣ ጠርጥሩ። መሃል ላይ ከሆነ መርፌውን፣ ሙሉ ሲሰጣት ከሆነ ትልቁን ጄት። በየትኛውም የእጀታ ቦታ ላይ እኩል ሚስ የምታደርግ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪኩ ዙሩ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። «ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፣ ትንሽ ሲያርፉላት ትነሳለች» ስላቸው የታንከሩን ክዳን ከፈቱት። ከክዳኑ ሥር በሁለት ጣት አንዲት ፌስታል መዘዙ።

«ይቺን ማን አስገባት?»

እኔ ነኝ። የክዳኑ ጎማ ስላለቀ ዝናብ እንዳይገባ ብዬ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ግን ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ የሚገባውም ክዳኑ ላይ ባለች ቀጭን ቀዳዳ ነው። እሷ ስትደፈን ታንከሩ ውስጥ ቤንዚኑን ወደ ኋላ የሚስብ ነገር ይፈጠራል፣ ካርቡሬተሩ ይራባል። ስትቆሙ አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል። ሞተሯም ትነሳና ታታልላችኋለች።

እኔን ያሳሳተኝ ሌላ ነገር አለ። የደከመ ቦቢናም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው። በብርዱ ደህና ይሠራል፣ ሲግል ውስጡ ያለው ሽቦ ይከዳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ሁለተኛው ስህተት ነው። መለየቱ ግን ሳንቲም አያስወጣም። ልክ ስትጠፋ፣ እዚያው ዳር ይዛችሁ ክዳኑን ክፈቱ። «ሲስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች ክዳኑ ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ሳትበርድ እሳቷን እዩ። ቤት ከደረሰች በኋላ ቦቢናውን በመልቲሜትር ብትለኩት በብርዱ ጤነኛ ነው ሊላችሁ ይችላል። የጋለ ቦቢና መለካት ያለበት እንደጋለ ነው።

ሦስተኛው፦ «እሳት አላት፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» ማለት። ካንዴላው ተፈትቶ ውጭ ላይ የሚታየው እሳት ግማሽ ማስረጃ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ በኮምፕሬሽን ሲታመቅ እሳቱ ለመዝለል ብዙ ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል። ቀጭንና ቀላ ያለ እሳት ሜዳ ላይ ይዘላል፣ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሰማያዊና ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ያለው ነው የሚፈለገው። ስትሞክሩ የካንዴላው ብረት ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ይነካካ፤ አለበለዚያ ሲዲአይ (እሳቱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ያለው ሞተር ላይ ራሱን ሲዲአዩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ከካንዴላው ቀዳዳም አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ጭስ እሳት ይይዛል። በእጅ መያዝ ደግሞ ለጀግንነት ካልሆነ ጥቅም የለውም።

የኔዋ የሆንዳ ሲጂ 125ን ሞተር ቀድተው ከሠሯቸው የቻይና ሞተር ሳይክሎች አንዷ ናት። በዚህ ዓይነት ሞተር የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ጫፉ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሚስ ማድረግም ይጀምራል። አዲስ የገዛችሁትም ቢሆን ሳትለኩ አታስገቡት። ገበያው ላይ ኮፒ ካንዴላ ሞልቷል። «አዲስ ነው» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ከካንዴላው በፊትም አናቱ ላይ የሚሰካውን ኮፍያና ከቦቢናው የሚመጣውን ገመድ እዩ። ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ገመዱን ብታዩት የተሰነጠቀበት ቦታ ራሱ እያበራ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ የካንዴላ ቀለም። «ጠቁሯል፣ ቤንዚን በዝቶባታል» ተብሎ ወዲያው ካርቡሬተር ይነካካል። ሞተሯ ግን በር ላይ አሥር ደቂቃ በሚኒሞ ስትሠራ ከቆየች የማንኛዋም ካንዴላ ይጠቁራል። እውነተኛውን ቀለም ለማየት በመደበኛ ፍጥነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ እዚያው አጥፉና ፍቱት። ደረቅ ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። የሚያብለጨልጭ እርጥብ ጥቁረት ዘይት ነው። ነጣ ያለና የተጠበሰ የሚመስል ከሆነ ቤንዚን አንሷታል፣ ወይም የሆነ ቦታ አየር ትስባለች። ብዙ ጊዜ በካርቡሬተሩና በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) መካከል ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ነው።

እኛ አገር ላይ ከፍታውም አለ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ትንሽ ጄት ያስገባላችኋል፣ ደስ ይላችኋል። ከዚያ ጣርማ በርን አልፋችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋሮቢት ትወርዳላችሁ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ አየሩ ወፈረ፣ ጄቱ ግን ያው ትንሹ ነው። ቤንዚን ያንሳታል፣ ትግላለች፣ በካርቡሬተሩ በኩል «ፓ» ትላለች። «ደህና ነበረች፣ ቆላ ገብታ ተበላሸች» የሚል ሰው ስሰማ ማን እንደነካካት ነው የምጠይቀው።

ጄት በሽቦ መጎርጎርም አለ። አታድርጉት። ቀዳዳዋ ከሰፋች አትመለስም። ቤንዚንና የአየር ፓምፕ ይበቃል። ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጋችሁ ቤንዚኑን ወደ ንጹሕ ሃይላንድ አፍስሱት። ውኃ ካለ ከታች እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል። በክረምት፣ በተለይ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከተገዛ ቤንዚን በኋላ፣ ከዚህ የሚጀምር ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሰው የማያምነኝ አንድ ነገር፦ ድምፅ የሌለው ቫልቮላ (ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚከፍትና የሚዘጋው) ጥሩ ምልክት ላይሆን ይችላል። «ጠክ ጠክ ትላለች» ብለን እናስጠብቃለን፤ ጸጥ ስትል መካኒኩን እናመሰግናለን። በሲጂ ዓይነቱ ሞተር በቫልቮላውና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት በብርዱ 0.08 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከአንድ የመጻፊያ ወረቀት ትንሽ የሳሳ። ከዚያ በላይ ከጠበበ ሞተሩ ሲግል ቫልቮላው እስከ መጨረሻው አይዘጋም። ኮምፕሬሽን ያፈስሳል፣ ሚኒሞ አይቆምም፣ ሚስ ያደርጋል፣ ውሎ ሲያድር ቫልቮላው ይቃጠላል። ትንሽ ጠክ ጠክ የምትል ትሻላለች። ሲለካ ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ ይሁን።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ የቱ እንዳዳናት አታውቁም። እየሠራች እያለ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩት። ስታዞሩት ብቻ ከተንተፋተፈች መሪው ሥር የተላጠ ሽቦ አለ።

ለክዳኑ ጋሼ አዲስ ጎማ ቆርጠው ሠሩለት፣ ቀዳዳዋንም አጸዱ። አሮጌውን ቦቢና መለስኩላት፣ ምንም አልነበረውም። አዲሱ እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።